ቀበና ወንዝ ላይ ዓሣ ከመልቀቃችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ቀበና ነው። የወንዛችን ዳርቻ ሲጸዳና ሲለማ አይተን ደስ ብሎናል። የሰፈር ልጆች ተሰባስበን ገንዘብ አዋጥተናል። ወደ 300 የሚሆኑ የቆሮሶ ጫጩቶች ገዝተን ወንዙ ውስጥ ልንለቅ አስበናል። አንድ ጓደኛችንም አኳሪየም ውስጥ ያሳደጋቸውን ጎልድፊሾች ሊሰጠን ነው። የአገራችን ዓሦች እየጠፉ ነው ሲባል እንሰማለን፤ የበኩላችንን ለማድረግ ነው። ስንት ብንለቅ ይበቃል? በየትኛው ወር ቢሆን ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሰላም ለእናንተም፣ ለሰፈሩ ልጆችም።

ጥያቄያችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ከኪሱ አውጥቶ ለዓሣ የሚያዋጣ ወጣት በየቀኑ አይገኝም። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ነው የምመልሰው። አትልቀቁ። ቆሮሶውንም ጎልድፊሹንም አትልቀቁ። ብሩን ግን ያዙት፤ ሥራ አለው፤ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከቆሮሶው ልጀምር። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲወርድ ምግብ ይጠላል፤ ማደጉንም ያቆማል። ለመራባት ከ20 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። የእናንተ ወንዝ ደግሞ ከእንጦጦ ነው የሚወርደው። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ብርዱን እንኳ ቢችለው ኦክስጅን ያጣል። የፍሳሽ ቆሻሻ የገባበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ከሁሉ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከዚያ ያለፈውን የሐምሌ ጎርፍ ይወስደዋል። 300 ጫጩት ለቃችሁ በሁለተኛው ሳምንት ሆዱ ወደ ላይ የተገለበጠ ዓሣ ስታዩ ልባችሁ ይሰበራል።

ጎልድፊሹ ግን በተቃራኒው ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ብርድ ይችላል። ኦክስጅን ያነሰበት ውሃም ይችላል። ያገኘውን ይበላል። ቀበና ላይ ባይመቸው እንኳ ውሃው ይዞት ይወርዳል። ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። እናንተ ድልድይ ላይ ቆማችሁ የምትለቁት ዓሣ የሚደርሰው ሸዋን አቋርጦ ነው። ካኳሪየም የወጣ ዓሣ በሽታና ጥገኛ ተሕዋስያንም ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የወንዙ ዓሦች ደግሞ ለዚያ በሽታ መከላከያ ላይኖራቸው ይችላል።

ይሄ ነገር እዚሁ ደጃችን ተፈጽሟል። አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ በጣልያን ዘመን ካርፕ የሚባል የውጭ ዓሣ ተለቀቀ። ለምግብ ተብሎ ነው፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ዛሬ ካርፕ ቆቃ ላይ ይሰገራል፤ ዝዋይ ላይም ይሰገራል። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው። ውሃው ይደፈርሳል። በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሣር ይነቀላል። በዚያ ሣር ውስጥ እንቁላል የሚጥሉና ጫጩቶቻቸውን የሚደብቁ ዓሦች ቤታቸውን ያጣሉ። ዝዋይ ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው አንድ ዓሣ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላቤዮባርበስ ኢትዮፒከስ ነው። የአገራችንን ስም የያዘው ይህ ዓሣ አደጋ ላይ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ካርፕ ላይ አልጭንም። የመረቡ ብዛት አለ። ለመስኖ ከሐይቁና ከገባሮቹ የሚሳበው ውሃ አለ። ግን አንዴ የገባን የውጭ ዓሣ መልሶ ማውጣት አይቻልም። መረብን መቀነስ ይቻላል፤ ፓምፕን ማቆም ይቻላል፤ ካርፕን ከዝዋይ መልቀም ግን የማይሞከር ነው።

«ቆሮሶ እኮ ያገራችን ዓሣ ነው፤ እሱን መልቀቅ ምን ችግር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያገራችን ነው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጣናው ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው። የአዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ ሌላ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሃ ምንጮች ውስጥ የሚኖር ደግሞ ሌላ አለ፤ ሙቀቱን ለምዶ ኖሯል። በሺህ ዓመታት የተለያዩትን እኛ በአንድ ጀሪካን ብንደባልቃቸው ልዩነቱ በጥቂት ትውልድ ይጠፋል። ዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት ዓሦች አንዱ ቆሮሶ ነው። የዱር ዘመዶቹ እዚህ እኛ ጋ ናቸው። ነገ አንድ በሽታ የእርባታ ቆሮሶን ቢመታ መፍትሔው የሚፈለገው ከእነዚህ የዱር ዓሦች ነው። ስለዚህ የሻጩን ጫጩት ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «ከየት ውሃ ነው የመጣው?» ብላችሁ ነው።

አሁን ወደ ሚያስደስተኝ ክፍል ልምጣ። በላይኛው የአዋሽ ገባሮች ውስጥ የኖረው ማነው?

ተማሪ ሳለሁ ከሆለታ ወዲያ በርጋ ወንዝ ላይ ለናሙና ወርደን ነበር። ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳሁና ከሥሩ የእጅ መረቡን ሰደድኩ። ከጣቴ የማይበልጥ ቡናማ ዓሣ ወጣ። እርጥብ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። አገጩ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስል ክብ ሥጋ አለው። መዳፌን ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ዓሣው አልወደቀም። በዚያች ክብ ሥጋ እጄ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ትንሽ ቆይቼ ውሃው ውስጥ ስነክረው ለቀቀኝና ድንጋዩ ሥር ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሙያ አላሰብኩም።

ይህ ዓሣ ጋራ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ነው፤ ተራራ ከምንለው ጋራ ጋር ዝምድና የለውም። በዚያ ክብ ሥጋ ድንጋይ ላይ ስለሚጣበቅ ኃይለኛ ውሃ አይወስደውም። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ለምለም እየፋቀ ይበላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ጋራ አለ፤ አንዳንዱ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ጋራዎችን እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም ያስተዋወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና የኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ናቸው። ትላንት ማለት ነው። ገና ስም ያልወጣለት ዓሣ ባለበት አገር ላይ ነን።

ጋራ የሚያሳድደው የለም። ለገበያ አይወጣም፤ ለወጥ አይበቃም። እሱን የሚገድለው የድንጋዩ መጥፋት ነው። ድንጋዩ በደለል ሲሸፈን የሚፋቀው ለምለም የለም። ወንዙ ውስጥ ሲሚንቶ ሲነጠፍ የሚደበቅበት ቦታ የለም። የእናንተ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚገናኘው፤ እመለስበታለሁ።

በመካከል ስለ ጣና ልንገራችሁ። የአገራችን ዓሦች እየጠፉ ነው የሚባለው በዋናነት የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ይህን የሚናገረው ከሐይቁ ወለል የተቆፈረው ጭቃ ነው። ከዚያ እንደገና ሞላ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ የገባው የነጭ ዓሣ ዘር ብቻውን ሆነ። ነጭ ዓሣ የምለው ላቤዮባርበስ የሚባለውን ወገን ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ላይ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ቢልጫ የሚሉት የእሱ ዘመድ ነው። ከዚያ ወገን ጣና ውስጥ 15 የተለያዩ ዝርያዎች ወጡ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ከድንጋይ መሐል ትል ይለቅማል። አንዱ ዓይኑ ትልቅ ነው። አንዱ አፉ እንደ ከረጢት ይከፈታል። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ሆኑ። የሚደንቀው ይሄ ነው፦ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በድድ ዓሣ እያደኑ ነው የሚኖሩት።

እንዲህ ያለ የዝርያዎች ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ በሚባል ሐይቅም ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ አሰጋገር አጠፉት። አሁን በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረው የጣናው ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሆነውንም ሰምታችሁ ይሆናል። የናይል ፐርች ከተለቀቀበት በኋላ ወደ 200 የሚጠጉ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፍተዋል። የለቀቁት ሰዎች ሕዝብ እንመግባለን ብለው ነው።

ጣና ላይ የውጭ ዓሣ አልገባም። የመጣበት መከራ ሌላ ነው። ለረጅም ዘመን ጣና ላይ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ፣ ዳር ዳሩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ገልዳ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ፣ አየር የጠገበ ውሃ ነው።

እስቲ አስቡት። ነሐሴ ነው፤ ጉማራ ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል። ሴቷ ሆዷ ተወጥሯል፤ ጫን ስትሉት ቢጫ እንቁላል ይወጣል። ዓሦቹ ተሰብስበው ወንዙ አፍ ላይ ናቸው። ሰውም ይህን ያውቃል። መረብ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። በአንድ ሌሊት የሚያዘው ዓሣ በሌላ ጊዜ በሳምንት አይያዝም። ከላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አለ። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። ያመለጠው ሽቅብ ሲሄድ ጠጠሩን ለግንባታ ተቆፍሮ ያገኘዋል። ወይም ግድብ ያገኘዋል፤ ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ዓሣ በላዩ አይዘልም።

ውጤቱ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መጠን በክብደት 75 በመቶ ቀንሷል። ጫጩት የለቀቀላቸው ሰው ስላልነበረ አይደለም የቀነሱት። አንዲት እናት ዓሣ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አላት፤ እኛ በጀሪካን ከምናመጣው ሁሉ ይበልጣል። የጎደላት መንገድ ነው። በዓመት ውስጥ ሁለት ወር የሚከፈት ወንዝ አፍ፣ የማይቆፈር ጠጠር፣ ብርብራ የማይበተንበት ውሃ። እምቦጩም ሳይረሳ ነው፤ ዳርቻውን ሲሸፍነው ጫጩቶቹ የሚያድጉበትን ቦታ ይዘጋል። ስለ እምቦጭ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። እኔን የሚቆጨኝ ስለ እምቦጭ የጮኸ ሰው ሁሉ ስለ ወንዝ አፉ መረብ ትንፍሽ አለማለቱ ነው።

አሁን ወደ ቀበና እንመለስ። ያላችሁን ብርና ጉልበት ምን ላይ ታውሉታላችሁ? እንደሚከተለው ነው የምመክራችሁ።

በመጀመሪያ ወንዙ ማንን ማኖር እንደሚችል እዩ። የጥርና የየካቲት ውሃ ዝቅ ያለና የጠራ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ቦት ጫማና ጓንት ግዙ፤ ይሄ ከብሩ ላይ ነው፤ ሳትለብሱ ግን እንዳትገቡ፤ ውሃው ፍሳሽ ነክቶታል። አንድ ነጭ ትሪና የወጥ ቤት ማጥለያ ያዙ። ድንጋይ እያነሳችሁ ከሥሩ ያለውን ማጥለያው ላይ እጠቡት፤ ትሪው ላይ ገልብጡት፤ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የሚንቀሳቀስ ነገር ታያላችሁ። ጠፍጣፋ፣ እግሩ ስድስት፣ ከኋላው ሦስት ቀጭን ፀጉር የመሰለ ጅራት ያለው እጭ ካያችሁ ውሃው ይተነፍሳል ማለት ነው። ቀይ ክር የሚመስል ትል ብቻ ካያችሁ ኦክስጅኑ አልቋል። ከላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራችሁ ወደ ታች እየወረዳችሁ በየድልድዩ ይህን አድርጉ። ባለ ሦስት ጅራቱ እጭ ጠፍቶ ቀዩ ትል የሚጀምርበት ቦታ ላይ ዙሪያችሁን እዩ። እዚያ አንድ ቱቦ ታገኛላችሁ። እሱን ነው ፎቶ የምታነሱት፤ ለወረዳችሁ የምትወስዱትም እሱን ነው። አንድ ቱቦ ማዘጋት 300 ቆሮሶ ከመልቀቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የወንዙ ወለል ነው። ወንዝ ዳር ሲለማ ግንቡ ሲያምር ሁላችንም ደስ ይለናል። ወለሉ ላይ ግን ሲሚንቶ ሲነጠፍ ወንዙ ቦይ ይሆናል። ዳርቻው ይገንባ፤ ወለሉ ላይ ድንጋዩ ይቅር። ወዲህ ጥልቅ ኩሬ፣ ወዲያ ፈጣን ውሃ ይኑር። ዳር ዳር የአገር ዛፍ ይተከል፤ ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል። ይህን መሐንዲሶቹን ጠይቋቸው። ባለሙያ ሰው በጨዋ ደንብ ከጠየቃችሁት ይሰማል። እኔ አንድ ጊዜ ሌላ ወንዝ ላይ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ሲሚንቶው ደርቆ ነበር፤ ድንጋዮቹ ዳር ተከምረው ፀሐይ እየመታቸው ነበር፤ አንዱ ላይ ደርቆ የተጣበቀ ጋራ አየሁ። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።

ሦስተኛ፣ ከሰፈራችሁ በእግር የሚደረስ አራት ኪሎ አለ። ዩኒቨርሲቲው እዚያ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው፤ ልጆቹን ውሰዷቸው። ባዮሎጂ ክፍሉ ውስጥ ስለ ዓሣ የሚያጠኑ ተማሪዎችና መምህራን አሉ፤ የቀበናን ውሃ የሚለካ ተማሪ ብትፈልጉ አይጠፋም። ሰበታ ላይ ደግሞ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ወንዙ አንድ ቀን ዓሣ መቀበል ቢችል የትኛው ዓሣ፣ ከየትኛው ገባር፣ በምን ፈቃድ የሚለውን የሚወስኑት እንደነዚህ ያሉት ናቸው። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ዓሣ ከውሃ ወደ ውሃ ማዘዋወር የግል ውሳኔ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ግን እኛ ጋ መልቀቅም አያስፈልግ ይሆናል። ውሃው ከተመቸና ከላይ ወይ ከታች ያለው ገባር ውስጥ ዓሣ ከቀረ ራሱ ይመጣል።

ቆሮሶ ማርባት ከፈለጋችሁ አርቡ፤ አልከለክልም። ግን ጎርፍ የማይደርስበት፣ ፍሳሹ ወንዝ የማይገባ ዝግ ኩሬ ይሁን፤ ጫጩቱም ምንጩ ከሚታወቅ ቦታ ይምጣ። ብርዱን አስቡበት፤ አዲስ አበባ ላይ ቶሎ አያድግም። የጓደኛችሁ ጎልድፊሽ አኳሪየሙ ውስጥ ይቆይ፤ ካልቻለም ለሌላ አኳሪየም ላለው ሰው ይስጥ። የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ውስጥም እንዳይጥለው።

ስለ ግዢ አንድ ነገር ልበል። በጾም ዓሣ ፍለጋ ከተማው ሁሉ ይወጣል። የእጅ መዳፍ የማያክል ቆሮሶ ሲያቀርቡላችሁ አትግዙ፤ ገና አልወለደም። በነሐሴና በመስከረም እንቁላል የያዘ የጣና ነጭ ዓሣ ካያችሁም ተዉት። ፊሌቶ ሆኖ ከመጣ ምን እንደሆነ አይለይምና ሻጩን ጠይቁ። ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ ሻጭ ደንበኛ ይሁናችሁ።

የካቲት ላይ ትሪውን ይዛችሁ ስትወጡ ያያችሁትን በድልድይ በድልድይ ጻፉልኝ። ፎቶ ስታነሱ ትሪው ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፤ መጠኑን እለይበታለሁ። ምናልባት እንጦጦ ግርጌ ካለው ድንጋይ ሥር አንድ ቡናማ ጣት የሚያህል ነገር ብልጭ ብሎ ቢያመልጣችሁ ግን አታሳዱት። ድንጋዩን በነበረበት ጎን መልሱትና ቦታውን ብቻ ንገሩኝ፤ እኔ ራሴ እመጣለሁ።